ያውቁ ኖሯል? ጆይስቲክም ለእጅ ይስተካከላል

በደብረ ማርቆስ ፕሌይስቴሽን ቤት ገብተው «ይሄኛው ይከብዳል፣ ያኛውን ስጠኝ» ብለው ያውቃሉ? ትክክል ነዎት። የጆይስቲክ ክብደትና ቅለት የሚወሰነው ውስጡ ባለች ትንሽ ስፕሪንግ ነው፤ እሷን መቀየርም ይቻላል።

ይህ ጥበብ የዳበረው ሳንቲም በሚጎርሰው የአርኬድ ማሽን ላይ ነው። ከዱላው ሥር አራት ትንንሽ ማብሪያዎች አሉ፤ ዱላው ወደ ጥግ ሲገፋ ሁለቱ አብረው «ቀጭ» ይላሉ። ጠንከር ያለ ስፕሪንግ ሲገባ ዱላው ወደ መሐል ፈጥኖ ይመለሳል። የጃፓኑ ሳንዋ ኩባንያ በስፋት የሚታወቀውን ዱላ የሚሸጠው የዱላውን እንቅስቃሴ የሚገድብ ባለአራት ማዕዘን ማገጃ ገጥሞለት ነው፤ ስምንት ማዕዘን ባለው ሲተካ ግን እጅ እያንዳንዱን አቅጣጫ በመዳሰስ ብቻ ያገኘዋል። ኮሪያውያን ደግሞ በስፕሪንግ ፋንታ ጎማ ይወዳሉ፤ እኔም ብልሃታቸውን አደንቃለሁ፤ ጎማው ዱላው በራቀ ቁጥር እየጠነከረ ይሄዳል።

ሶኒ በ1997 እ.ኤ.አ. ለፕሌይስቴሽን ያወጣው ዱዋልሾክ የተባለ ጆይስቲክ ደግሞ በአውራ ጣት የሚገፉ ሁለት ዱላዎች አሉት። የእያንዳንዱን እንቅስቃሴ የሚለኩት ሁለት ተለዋዋጭ ሬዚስተሮች ናቸው። እነሱ ሲያረጁ ወይም አቧራ ሲገባባቸው በስክሪኑ ላይ ያለው ተጫዋች ማንም ጆይስቲኩን ሳይነካ ብቻውን ይሮጣል። ረዘም ያለ ቆብ ዱላው ላይ ሲደረግ ደግሞ ጣት ብዙ ስለሚጓዝ ማነጣጠር ይቀላል።

ጆይስቲክዎን ከመፍታትዎ በፊት ገመዱን ይንቀሉ፤ ብሎኖቹንም በሳህን ያኑሩ።