ደመወዝ የሚከፈልበት ቀንና የተጫዋቾች ዝውውር

ከሮቤ ከተማ አስተዳደር ወደ ጎባ የተዛወረ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ የሚጓዘው 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚመለሱ ጥያቄዎች ግን አሉ። የቀድሞ መሥሪያ ቤቱ እስከ ስንተኛው ቀን ድረስ ደመወዙን ከፍሎታል? ከዚያ ወዲህ ያለውን የሚከፍለው ማን ነው? ያልተወራረደ ሒሳብ አለበት ወይ? ክሊራንስ የሚባለው ወረቀት የሚጠየቀው ለእነዚህ መልስ ለመስጠት ነው። በስፖርቱ ዓለም የሚካሄደው የተጫዋቾች ዝውውርም የሚቃናው ወይም የሚበላሸው በእነዚሁ ጥያቄዎች ነው።

ለንጽጽር ያህል የአሜሪካውን የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ኤን.ቢ.ኤን፣ መመልከት ይጠቅማል። በዚያ ሊግ የተጫዋቹ ዓመታዊ ደመወዝ በመደበኛው አሠራር ከኅዳር አጋማሽ ገደማ ጀምሮ በየወሩ በ1ኛውና በ15ኛው ቀን በእኩል ክፍያ ይታሰባል። ክለቦች ተጫዋች የሚለዋወጡበት ጊዜ በየካቲት ወር ስለሚዘጋ፣ በውድድሩ አጋማሽ የተዛወረ ተጫዋች የደመወዙን ከፊል ከቀድሞው፣ ቀሪውን ከአዲሱ ክለብ ይወስዳል። ክፍፍሉ የሚሰላው በቀን ነው። መደበኛው ውድድር 174 ቀናት ይፈጃል ብንልና የተጫዋቹ ደመወዝ 17 ሚሊዮን 400 ሺህ ዶላር ቢሆን፣ የአንድ ቀኑ ድርሻ 100 ሺህ ዶላር ይሆናል። ከ110 ቀናት በኋላ ቢዛወር አዲሱ ክለብ የሚከፍለው የቀሪዎቹን 64 ቀናት፣ ማለትም 6 ሚሊዮን 400 ሺህ ዶላር ብቻ ነው። ይሁን እንጂ በሊጉ የደመወዝ ጣሪያ ስሌት ውስጥ የሚያዝበት ሙሉው 17 ሚሊዮን 400 ሺህ ነው። ጥሬ ገንዘቡና የጣሪያው ሒሳብ የተለያዩ መዝገቦች ናቸው ማለት ነው። ክለቦችም ዘግይተው ሲለዋወጡ የሚያሰሉት ሁለቱንም ነው።

በአገራችን ያለው የእግር ኳስ ዝውውር ከዚህ በአንድ መሠረታዊ ነገር ይለያል። በኤን.ቢ.ኤ ውሉ ራሱ ከተጫዋቹ ጋር ወደ አዲሱ ክለብ ይሻገራል። በእኛ ዘንድ ግን የቀድሞው ውል በስምምነት ይቋረጥና ተጫዋቹ መልቀቂያ ይዞ ከሌላው ክለብ ጋር አዲስ ውል ይፈርማል። ስለዚህ ያልተከፈለ ደመወዝ ካለ ዕዳው ከተጫዋቹ ጋር አይሄድም፤ በቀድሞው ክለብ ላይ ይቀራል። ብዙዎቹ ክርክሮች የሚነሱትም ከዚሁ ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። አንድ ተጫዋች በወር 30 ሺህ ብር ሊከፈለው ውል ፈረመ እንበል። ክለቡ ተጫዋቹን ለማስፈረም ሲል የ6 ወር ደመወዝ፣ 180 ሺህ ብር፣ በቅድሚያ ቢሰጠውና ተጫዋቹ በ4ኛው ወር መጨረሻ ቢለቅ፣ 60 ሺህ ብር መመለስ ይኖርበታል። ክለቡ በቅድሚያ ሳይከፍል በየወሩ ለመክፈል ተስማምቶ የሁለት ወር ብቻ ከፍሎ ከሆነ ደግሞ፣ በዚያው ቀን የሚለቀው ያው ተጫዋች 60 ሺህ ብር ይፈልጋል። ደመወዙ አልተለወጠም፣ የለቀቀበት ቀንም አልተለወጠም። የክፍያው ጊዜ ብቻ ተጫዋቹን በአንደኛው ተበዳሪ፣ በሌላኛው አበዳሪ አደረገው። ለፋይናንስ ባለሙያው የመጀመሪያው ተሰብሳቢ፣ ሁለተኛው ተከፋይ ሒሳብ ነው። በኦዲት ጊዜ ይበልጥ የሚያስቸግረው የትኛው እንደሆነ ለዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች መንገር አያስፈልግም።

ቀደም ባሉት ዓመታት የኢትዮጵያ ክለቦች ተጫዋቾችን የሚስቡት በዋናነት የፊርማ ክፍያ በሚባለው ጥቅል ገንዘብ ነበር። ኋላ ላይ ክፍያው ወደ ወርሃዊ ደመወዝ ሲዞር፣ በአንድ ጊዜ ይወጣ የነበረው ወጪ በወራት ተከፋፈለ። በ2011 ዓ.ም ክረምት ደግሞ የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽንና ክለቦች የአንድ ተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ወሰኑ። ጣሪያው መጠንን የሚመለከት ነበር። መቼ ይከፈላል የሚለው ግን የክለቡ የገንዘብ ምንጭ የሚወስነው ሌላ ጉዳይ ነው።

በርካታ ክለቦቻችን የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደሮችና በመንግሥት ተቋማት ድጎማ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል። ሊጉ የሚጠናቀቀው በበጀት ዓመቱ ማብቂያ አካባቢ ሲሆን፣ ዋናው የዝውውር ጊዜ የሚውለው በክረምቱ ነው። በእነዚያ ወራት በጀቱ አዲስ ነው፤ ግብር ከፋዩም ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ዓመታዊ ግብሩን ይከፍላል። ስለዚህ ክለቡ ውል የሚፈርመው ካዝናው ሞላ በሚልበት ወቅት ነው። ደመወዙ ግን ገቢው በሚሳሳባቸው በሚያዝያና በግንቦትም ይከፈላል። በባሌ ደጋ ስንዴ የሚያመርት ገበሬ ይህን ዓይነቱን ሒሳብ አሳምሮ ያውቃል፤ ምርቱ በገባ ሰሞን የተገባ ቃል እስከ ሚቀጥለው አጨዳ የሚያደርሰው እህል ጎተራው ውስጥ መኖሩን ሳያይ አይገባም።

ሌላም ችግር አለ። የተጫዋቹ ውል የሁለት ዓመት ሊሆን ይችላል፤ ምክር ቤት የሚያጸድቀው በጀት ግን የአንድ ዓመት ነው። የሁለተኛው ዓመት ደመወዝ ገና ባልጸደቀ በጀት ላይ የተገባ ግዴታ ይሆናል። ክለቡ ከሊግ ሲወርድ ድጎማውም ሊቀንስ ስለሚችል ግዴታው ይከብዳል። ከሮቤ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው የሻሸመኔ ከተማ ክለብ በ2016 ዓ.ም ፕሪሚየር ሊግ ተጫውቶ በዚያው ዓመት ወርዷል። መውጣትና መውረድ በአንድ ዓመት ልዩነት የሚደርስ ነገር በመሆኑ፣ የሁለት ዓመት ውል የሚፈርም ክለብ በታችኛው ሊግ ምን ያህል ሊከፍል እንደሚችል አስቀድሞ ማስላት አለበት።

ደመወዝ ሲዘገይ ዝውውሩ የሚቀጥለው በሌላ መልክ ነው። የዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበራት ፌዴሬሽን፣ ፊፋ፣ እ.ኤ.አ በ2018 በዝውውር ደንቡ ባስገባው አንቀጽ መሠረት፣ ክለቡ ቢያንስ የሁለት ወር ደመወዝ በጊዜው ካልከፈለ፣ ተጫዋቹ በጽሑፍ አስጠንቅቆና 15 ቀን ጊዜ ሰጥቶ ውሉን በበቂ ምክንያት ማቋረጥ ይችላል። ደመወዙ በየወሩ የማይከፈል ከሆነም የሁለት ወር ድርሻው ተሰልቶ ይታያል። ይህ ማለት ክለቡ ሊሸጠው ወይም ሊለዋወጠው ይችል የነበረው ተጫዋች ያለ ምንም ክፍያ ይሄዳል። ከ30 ቀን በላይ ውዝፍ ያለበት ክለብ ከማስጠንቀቂያ አንስቶ አዲስ ተጫዋች እንዳያስመዘግብ እስከ መታገድ ሊቀጣ ይችላል። የዓለም አቀፉ ደንብ በቀጥታ የሚሠራው ድንበር ተሻጋሪ ክርክር ላይ ሲሆን፣ የአገር ውስጡ በፌዴሬሽኑ የዲሲፕሊን አካላት ይታያል። በፕሪሚየር ሊጉም በተለያዩ ዓመታት ደመወዝ ያልተከፈላቸው ተጫዋቾች ልምምድ ያቆሙበት አጋጣሚ ታይቷል።

ውዝፍ ሲከፈል ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግብሩ ነው። በ2008 ዓ.ም የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ በሚሠራበት ጊዜ ከ50 ሺህ ብር ያልተጣራ ደመወዝ የሚቀነሰው 16 ሺህ ብር ስለነበር፣ የተጫዋቹ እጅ የሚገባው 34 ሺህ ብር ነበር። የሦስት ወር ውዝፍ 102 ሺህ ብር ለተጫዋቹ ከፍሎ መልቀቂያ የሰጠ ክለብ ዕዳውን የዘጋ ሊመስለው ይችላል፤ ለግብር ሰብሳቢው የሚገባው 48 ሺህ ብር ግን ይቀርበታል። በ2017 ዓ.ም የተሻሻለው አዋጅ የወሩን ግብር ወደ 15 ሺህ 450 ብር ዝቅ ቢያደርገውም አሠራሩ ያው ነው።

በመሆኑም በውሉ ላይ ከወርሃዊው መጠን ጎን የመክፈያው ቀን፣ የመጀመሪያው ክፍያ በጀቱ ከጸደቀ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚፈጸም፣ በቅድሚያ የተሰጠ ገንዘብ ተጫዋቹ ሲለቅ እንዴት እንደሚወራረድና መጠኑ የተጣራ ይሁን ያልተጣራ በግልጽ መስፈር ይኖርበታል። መልቀቂያውም ልክ እንደ መንግሥት ሠራተኛው ክሊራንስ፣ እስከ ስንተኛው ቀን እንደተከፈለ የሚገልጽ የሒሳብ ማረጋገጫ ተያይዞለት ቢወጣ፣ ተቀባዩ ክለብ ደመወዝ የሚጀምርበትን ቀን ሳይጠያየቅ ያውቃል።