የአሜሪካ የእርሻ ድጎማ፦ ቼኩ የሚደርሰው ለአራሹ ነው ወይስ ለመሬቱ?

(በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነፃ ገበያን ለዓለም የምትሰብከው አሜሪካ ለገበሬዎቿ ከመንግሥት ካዝና ገንዘብ ስትከፍል ከዘጠና ዓመት በላይ ሆኗታል። ይህን በጥቅሉ ሁላችንም እናውቃለን። ገንዘቡ በምን ስሌት እንደሚታደልና በማን እጅ እንደሚያልፍ ግን እምብዛም አንነጋገርም። ጉዳዩ የሚገባን ከዋሽንግተን ይልቅ ወደ ገጠር ካውንቲ ወርደን ስናየው ነው።

ነገሩ የተጀመረው በ1933 ነው። የእህልና የጥጥ ዋጋ ስለ ወደቀ የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መንግሥት ገበሬው ከማሳው ከፊሉን ጦም እንዲያሳድር ይከፍለው ጀመር። በደቡብ የጥጥ አውራጃዎች ገንዘቡ በአመዛኙ በባለመሬቱ እጅ ቀረ። ጦም ባደረው መሬት ላይ ይሠሩ ከነበሩት የእኩል አራሾች ብዙዎቹ፣ ጥቁሩም ነጩም፣ ተፈናቀሉ።

ዛሬስ? ከዋናዎቹ ፕሮግራሞች አንዱ እንዲህ ይሠራል። ሕጉ ለእያንዳንዱ ሰብል መነሻ ዋጋ ይወስናል፤ በ2025 በወጣው ሕግ ለስንዴ በቡሼል 6.35 ዶላር ነው። የዓመቱ አማካይ የገበያ ዋጋ 5.85 ቢሆን ልዩነቱ 50 ሳንቲም ይሆናል። ይህ ልዩነት የሚባዛው በዘንድሮው ምርት ሳይሆን ቀድሞ በተመዘገበ የምርት መጠንና ከተመዘገበው መሬት በ85 በመቶው ነው። ስለዚህ በኤከር 40 ቡሼል ተመዝግቦለት 1,000 ኤከር ያለው 17,000 ዶላር ያገኛል፤ 100 ኤከር ያለው 1,700 ብቻ። በዚያ ዓመት በመሬቱ ላይ ሌላ ሰብል ቢዘራም ክፍያው አይቀርም። ለአንድ ሰው የተቀመጠው ጣሪያም በዚሁ ሕግ ከ125,000 ወደ 155,000 ዶላር ከፍ ብሏል።

እዚህ ላይ መሬት የሚከራየውን ገበሬ ልብ ይሏል። ቼኩ በስሙ ይመጣለታል፤ ባለመሬቱ ግን ይህንን ስለሚያውቅ ኪራዩን ይጨምርበታል። በ1996 ሕግ የተጀመረውና በ2014 የቀረው ቀጥተኛ ክፍያ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነበር። ዋሽንግተን ፖስት በ2006 እንዳጋለጠው፣ ከ2000 ወዲህ ቢያንስ 1.3 ቢሊዮን ዶላር ጨርሶ ለማያርሱ ሰዎች ተከፍሏል። ከእነዚህም መካከል በቴክሳስ በቀድሞ የሩዝ መሬት ላይ ቤት ሠርተው የሚኖሩ ይገኙበታል።

«ሥልጣን ወደ ታች ይውረድ» ለምንል ሰዎች ደግሞ ሌላም ትምህርት አለ። በየካውንቲው ፕሮግራሙን የሚከታተሉት ገበሬዎች ራሳቸው የሚመርጧቸው ኮሚቴዎች ናቸው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን በደቡቡ ክፍል ኮሚቴዎቹ ለረጅም ጊዜ በነጮች እጅ ስለ ነበሩ ጥቁር ገበሬዎች ብድርና እርዳታ ይነፈጋቸው ወይም የዘር ወቅት እስኪያልፍ ይጓተትባቸው ነበር። ፒግፎርድ በተባለው የክስ መዝገብ መንግሥት በ1999 ካሳ ለመክፈል ተስማማ፤ በ2010 ደግሞ 1.25 ቢሊዮን ዶላር ጨመረ። ካሳው ሲመጣ ግን ብዙዎች መሬታቸውን አጥተው ነበር።

እንግዲህ ድጎማ በራሱ ክፉ ነው ማለታችን አይደለም፤ ዝናብና ገበያ የሚጫወቱበት ገበሬ ደጋፊ ያስፈልገዋል። ጥያቄው የሚለካው መሬቱ ነው ወይስ ሰውየው የሚለው ነው። አሜሪካ የሚያስመሰግናት አንድ ነገር አለ፤ ማን ስንት እንደ ተቀበለ ማንኛውም ዜጋ መርምሮ ሊያውቅ ይችላል። ለአገራችን ገበሬ ድጋፍ ሲታሰብ ከቼኩ አስቀድሞ መቅዳት የሚገባን ይህንን ግልጽነት ይመስለኛል።