የዕቃ ማጠቢያ ገንዳ ከቦታው ሲዛወር ስለ ቧንቧው ሊታሰብ የሚገባው

በአዲስ አበባ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በብዛት በተሠሩት የጋራ መኖሪያ ሕንጻዎች ውስጥ ቤት የደረሰው ብዙ ሰው ቁልፉን እንደ ተረከበ የሚያስበው ማድ ቤቱን እንደ ፍላጎቱ ማስተካከል ነው። ክፍሉ ጠባብ ስለ ሆነ ምድጃው ወዲህ፥ መደርደሪያው ወዲያ ይዞራል፤ የዕቃ ማጠቢያውም ገንዳ ብርሃን ወዳለበት ወደ መስኮቱ ሥር እንዲሄድ ይፈለጋል። ነገሩ ለተመልካች ቀላል ነው። ምድጃውን ያዛወረ ሰው ገንዳውን ማዛወር ለምን ይቸግረዋል? እኛ ግን ጉዳዩን ቀርበን በመረመርን ጊዜ መልሱን እንደ ጥያቄው ቀላል ሆኖ አላገኘነውም።

ለምርመራው ያነሣሣን በአንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያየነው ቤት ነው። የቤቱ እመቤት ገንዳውን ከጋራው የፍሳሽ ቧንቧ 3 ሜትር አርቀው ወደ መስኮቱ አስጠግተውታል። ሥራው ለዐይን ያማረ ነበር። ነገር ግን በገንዳው የተጠራቀመው ውኃ በተለቀቀ ቁጥር ቧንቧው እንደ ጋያ ይጉረመረማል፤ ከዚያም ክፉ ሽታ ማድ ቤቱን ይሞላዋል። እመቤቲቱ ነገሩን ከንጽሕና ጉድለት ቆጥረው ገንዳውን በየቀኑ በበረኪና ያጥቡት ነበር። ጥፋቱ ግን የንጽሕና ሳይሆን የስሌት ነበር። ስሌቱም እንደሚከተለው ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሁለቱን ውኃዎች መለየት ያስፈልጋል። ወደ ገንዳው የሚመጣው ንጹሕ ውኃ የሚጓዘው በግፊት ነው። 10 ሜትር ከፍታ ያለው የውኃ ዓምድ 1 ባር ያህል ግፊት ስለሚሰጥ፥ ውኃው ወደ ጎንም ወደ ላይም ሊሄድ ይችላል፤ መንገዱ ቢረዝምና መታጠፊያው ቢበዛ ግፊቱ ይቀንሳል እንጂ ጉዞው አይቋረጥም። ከገንዳው የሚወጣውን እጣቢ ግን የሚገፋው የለም። የሚሄደው በገዛ ክብደቱ ብቻ ስለ ሆነ፥ ቁልቁለት ካላገኘ ይቆማል። እንግዲህ ገንዳ የማዛወር ችግር ከሞላ ጐደል የእጣቢው ችግር ነው።

የመጀመሪያው ስሌት የቁልቁለት ነው። ለገንዳ የሚዘረጋ ቧንቧ በ1 ሜትር ርዝመት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እያለ መሄድ አለበት። ከዚህ ካነሰ የወጡ ቅባት፥ ከቡሃቃ የታጠበው ሊጥና የቡናው ዝቃጭ በመንገድ ላይ እየረጋ ቧንቧውን ይዘጋዋል። የጠረጴዛው ከፍታ ከወለል 90 ሴንቲ ሜትር፥ የገንዳው ጥልቀት 20፥ ከሥሩ ያለው ሲፎን የሚወስደው ቦታ ደግሞ 20 ቢሆን፥ እጣቢው የሚወጣው በ50 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ወደ ጋራው ቧንቧ የሚገባበት ቀዳዳ በ40 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢገኝ 10 ሴንቲ ሜትር መውረጃ አለን፤ ይህም ለ5 ሜትር መንገድ ይበቃል። ባለቤቱ ገንዳውን 25 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ሌላ ቢለውጠው ግን መውረጃው ወደ 5 ሴንቲ ሜትር፥ መንገዱም ወደ 2 ሜትር ተኩል ይወርዳል። ስለዚህ ገንዳ ከመግዛት በፊት ሜትር ይዞ መለካት ይበጃል።

በዚህ ስሌት ብቻ ቢሆን የእመቤቲቱ 3 ሜትር ምንም ነቀፋ የለበትም። ጉዳዩን የሚለውጠው ሁለተኛው ስሌት ነው፤ ይኸውም የአየር ነው።

ሲፎን የምንለው በገንዳው ሥር ያለው ቆልማማ ቧንቧ ነው። አሌክሳንደር ከሚንግ የተባለ እስኮትላንዳዊ ሰዓት ሠሪ በ1775 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ለመጸዳጃ ቤት ባስመዘገበው ፈጠራ ይህንኑ ዓይነት ቆልማማ ቧንቧ አግብቶበት ነበር። በቆልማማው ውስጥ ሁልጊዜ የሚቀረው፥ ጥልቀቱ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነው ውኃ እንደ መዝጊያ ሆኖ የፍሳሹን ሽታ ይከለክላል። ይህ ውኃ በቦታው እንዲቆይ ከበስተ ኋላው አየር ማግኘት አለበት። አየሩ የሚገባው አፉ ከጣሪያ በላይ ክፍት በሆነው የጋራ ቧንቧ በኩል ነው። እጣቢው ቧንቧውን ሞልቶ ሲወርድ አየሩ መድረሻ ካጣ፥ የሚወርደው ውኃ በሲፎኑ ያለውንም መጦ ይዞት ይሄዳል። የሰማነው ጉርምርምታ የዚያ መመጠጥ ድምፅ ነበር።

ልኩ እንዴት ይታወቃል? ከሲፎኑ እስከ አየር መግቢያው ያለው መውረጃ ከቧንቧው የውስጥ ስፋት እንዳይበልጥ ይደረጋል። ከበለጠ የቧንቧው መጨረሻ ከመነሻው በታች ሙሉ በሙሉ ወርዶ አየሩ መመለሻ ያጣል። የየአገሩ ደንብ በቍጥሩ ቢለያይም ምክንያቱ ይኸው ነው። ስፋቱ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ ቧንቧ በ1 ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ቢወርድ 2 ሜትር ተኩል ሲደርስ ልኩ ይሞላል፤ ባለ 40 ሚሊ ሜትሩ ደግሞ በ2 ሜትር ይሞላል። የእመቤቲቱ ቧንቧ ባለ 50 ሲሆን በ3 ሜትሩ 6 ሴንቲ ሜትር ወርዷል። ያን ሁሉ ሽታ ያመጣው የ1 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ነው። ቁልቁለቱን ቀንሶ ከዚህ ማምለጥም አይቻልም፤ ቅባቱ ይረጋልና።

መፍትሔው ከሁለት አንዱ ነው። ገንዳውን 60 ሴንቲ ሜትር ያህል መልሶ 2 ሜትር ከ40 ላይ ማቆም፥ ወይም ከሲፎኑ አጠገብ አየር የሚያስገባ ቧንቧ መጨመር። አየር እያስገባ ሽታ የማያስወጣ ቫልቭም አለ፤ ነገር ግን ከሲፎኑ ከፍ ብሎ፥ ለጥገና እጅ በሚደርስበት ስፍራ መቀመጥ ይኖርበታል።

አንዳንድ ሰው መንገዱን ለማሳጠር ሲል ሶሌታውን ያስቦረቡራል። ይህ ፈጽሞ ሊደረግ አይገባም። የኛ ወለል የጎረቤት ጣሪያ ነው፤ በውስጡም ሕንጻውን የተሸከመ ብረት አለ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንጻ አዋጅ ቍጥር 370/1995ም የግል የሆነውን ቤት ከጋራው ክፍል ለይቶ ነበር የደነገገው። ስለዚህ የጋራውን ቧንቧ የሚነካ ሥራ ከጎረቤት ጋር መመካከርን ይጠይቃል።

በመጨረሻም ሴራሚኩ ከመለጠፉ በፊት ገንዳውን እስከ አፉ ሞልቶ በአንድ ጊዜ መልቀቅ፥ መጋጠሚያዎቹን በደረቅ ጨርቅ መዳበስ፥ ከታች ያለውንም ጎረቤት ጣሪያው እንደ ረጠበ መጠየቅ ያስፈልጋል። የንጹሑ ውኃ መዝጊያ ቫልቭም እጅ በቀላሉ በሚደርስበት ቦታ ይሁን፤ ውኃ ጠፍቶ በሌሊት በሚመጣበት ከተማ ተከፍቶ የተረሳ ቧንቧ ሦስት ፎቅ ያጥለቀልቃል።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ገንዳውን የት እንደምናኖር የሚወስነው መስኮቱ ብቻ አለመሆኑን ነው። አስቀድሞ የእጣቢው መንገድ ይለካ፤ ገንዳው ከዚያ በኋላ ቦታውን ያገኛል።