አምባዛው ከማን ጋር ይኑር?

አሥር ኒዮን ቴትራዎች ነበሩን። ልጄ በየማለዳው ቁርሷን ሳትበላ ገንዳው ፊት ቆማ ትቆጥራቸዋለች። አንድ ቀን ዘጠኝ ሆኑባት፤ ሳምንት ሳይሞላ ሰባት። የሞተ ዓሣ ግን ውኃው ላይ አንድም አልተንሳፈፈም። «እማዬ፣ የት ሄዱ?» ስትለኝ መልሱ ረጅም ጢሙን እያወዛወዘ ገንዳው ጥግ ላይ ተኝቶ ነበር። «ቆሻሻ ይበላል፣ ገንዳውን ያጸዳልሻል» ተብዬ የገዛሁት፣ ብርማ ገላው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ፒክተስ ነው።

አምባዛ ሲባል እርስዎም እንደ እኔ የሚያስቡት የጣናውን ወይም የሐዋሳውን ትልቅ ዓሣ ይሆናል። ለሳሎን ገንዳ የሚሸጡት የእርሱ የሩቅ ዘመዶች ናቸው፤ ብዙዎቹ ትውልዳቸው ደቡብ አሜሪካ ነው። መጠናቸው ይለያይ እንጂ አንዳንዶቹ በጠባይ ዘመዳቸውን አልረሱም፤ ቀን አድፍጠው ሌሊት ያድናሉ። አፋቸው ውስጥ የሚገባ ዓሣ ጎረቤት ሳይሆን ራት ነው።

ስለዚህ ሲገዙ «ስንት ነው?» ከማለትዎ በፊት «ሲያድግ ስንት ይደርሳል?» ብለው ይጠይቁ። ጣት የምታህለው ቀይ ጅራት አምባዛ ከአንድ ሜትር በላይ ልታድግ ትችላለች። መስታወት ላይ ተለጥፎ የሚውለው ተራው ፕሌኮም ከ30 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ፕሌኮ ካማረዎት አፍንጫው ላይ ሥጋማ ጢም የሚያበቅለው አንሲስትረስ ይሻላል፤ ከ15 ሴንቲ ሜትር እምብዛም አያልፍም። ሁለት ወንዶች ግን ጠባብ ገንዳ ውስጥ አያስቀምጡ፤ በመደበቂያ ይጣላሉ።

ለኒዮን፣ ለጉፒና ለመሳሰሉት ትንንሽ ዓሣዎች የእኔ ምርጫ ኮሪዶራስ ነው። ሰላማዊ ነው፤ ብቻውን ግን ይፈራል፣ ይደበቃል። ስድስት ሆነው ሲገቡ ግን ተከታትለው አሸዋውን ሲምሱ ማየት ከቴሌቪዥን ይበልጣል። አሸዋው ደቃቅና ለስላሳ ይሁን፤ ሻካራ ጠጠር ጢማቸውን ይጎዳዋል። ድንገት ወደ ላይ ተወርውረው አየር ጎርሰው ቢመለሱ አይደንግጡ፤ ተፈጥሯቸው ነው።

ከጎልድፊሽ ጋር ግን አያኑሯቸው። ጎልድፊሽ ቀዝቀዝ ያለ ውኃ ይመቸዋል፤ ለኮሪዶራስ ደግሞ ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ጥሩ ነው። የአዲስ አበባን ሌሊት ያለ ማሞቂያ አይችሉትም። ትልልቅ ሲክሊዶችም ይቅሩ። ኮሪዶራስ ሲደነግጥ የክንፉን እሾህ ይገትራል፤ የዋጠው ዓሣ ጉሮሮ ላይ ሊሰነቀርና ዋጩንም ተዋጩንም ሊገድል ይችላል።

ፒክተሱን ምን አደረግነው? ትልልቅ ዓሣዎች ያሉበት ሰፊ ገንዳ ላለው ወዳጃችን ሰጠነው። እዚያ እርሱን የሚያህሉ ስላሉ የሚበላው ጎረቤት የለም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ «ያጸዳልሃል» የሚባለውን ይርሱት። አምባዛ ከሌሎች በተረፈ ፍርፋሪ ብቻ አይኖርም፤ የገንዳ እጥበቱም ከእርስዎ ትከሻ አይወርድም። ወደ ታች የሚሰምጥ እንክብል ምግብ ይግዙና መብራት ካጠፉ በኋላ ይጣሉለት፤ ያኔ ላይ ላዩን የሚዋኙት አይሻሙትም። እኛ ቤት ይህን ሥራ የወሰደችው ቆጣሪዋ ናት።