ልጃችሁ ከማን ጋር ነው የሚወዳደረው?

"እትዬ፣ እዩዋቸው! እነዚህ እኮ ከእኔ ያነሱ ልጆች ናቸው!"

ይህን ያለኝ የጎረቤታችን ልጅ ነው። ዕድሜው 15 ነው። ቀኝ ክንዱ በጀሶ ታስሮ፣ በግራ እጁ የአባቱን ስልክ ይዞ የውጭ አገር የሞተር ውድድር ያሳየኛል። ክንዱ የተሰበረው እዚሁ አዲስ ከተማ፣ ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ ባለው አቧራማ መንገድ ላይ ነው። አባቱ የሚሠራበትን ሞተር ቁልፍ ከጠረጴዛ ላይ አንሥቶ ወጣ። ዕድሜያቸው ከ20 ካለፈ ሁለት ወጣቶች ጋር "ማን ይቀድማል?" ተባባሉ። መታጠፊያው ላይ አሸዋው አንሸራተተውና ወደቀ። ሄልሜት አላደረገም ነበር።

እኔ የታመመ ልጠይቅ ነበር የገባሁት፤ ያገኘሁት ግን የተኳረፉ ባልና ሚስት ነው። እናት "ቁልፉን በየቦታው የምትጥለው አንተ ነህ" ትላለች። አባት ደግሞ "ወንድ ልጅ ሳይወድቅ አያድግም፤ አንቺ ነሽ ያቀበጥሽው" ይላል። እሷ ሞተሩ ይሸጥ ትላለች፤ እሱ የቤቱ እንጀራ በምን እንደሚመጣ ያስታውሳታል። ልጁ በመካከላቸው ተቀምጦ ስልኩን ያያል።

ልጁ ላሳየኝ ነገር በዚያን ቀን መልስ አልነበረኝም። በእርግጥም ስልኩ ላይ የ8 እና የ10 ዓመት ልጆች ኮረብታ እየዘለሉ ይወዳደራሉ። "ታዲያ እኔን ለምን ትቆጡኛላችሁ?" ቢለኝ ምን እላለሁ? ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ አልለቀቀኝምና ስለዚህ ስፖርት ማንበብ ጀመርሁ። ውድ አንባቢያን፣ ያገኘሁት ከጠበቅሁት የተለየ ነበር።

ለመሆኑ ውድድሩ ምንድን ነው?

ሞቶክሮስ የሚባለው በአጥር በተከለለ የአፈር ሜዳ ላይ፣ ጉብታና መታጠፊያ በበዛበት ዙር የሚደረግ የሞተር ብስክሌት ውድድር ነው። ሌላው ዓይነት አገር አቋራጭ ነው፤ በጫካና በጭቃ ውስጥ ሰዓታት የሚፈጅ ጉዞ ነው። በሁለቱም ዓይነት ኳድ የሚባለው ባለ አራት ጎማ ሞተርም የራሱ ውድድር አለው።

ስፖርቱ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ከሐዋሳ በዲላ አድርጎ ሞያሌ የሚያደርሰው መንገድ ወደሚያገናኘን ኬንያ ብንሻገር፣ በናይሮቢ ጃምሁሪ የሞቶክሮስ ሜዳ እናገኛለን። በኡጋንዳም የጋሩጋና የቡሲካ ሜዳዎች የታወቁ ናቸው፤ ሕፃናት ሳይቀሩ ይወዳደሩባቸዋል።

ሞያቸው ላልሆነ ተወዳዳሪዎች ከሚዘጋጁት ውድድሮች ትልቅ ስም ያለው ግን በአሜሪካ ቴነሲ ክፍለ ግዛት፣ ሃሪኬን ሚልስ በምትባል ቦታ የሚካሄደው ነው። ውድድሩ ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚደረገው በ2022 እ.ኤ.አ. ባረፈችው ዘፋኝ በሎሬታ ሊን የእርሻ ቦታ ላይ ነው። እዚያ ለመድረስ በመጀመሪያ በአካባቢ፣ ቀጥሎም በክልል ማጣሪያ ማለፍ ያስፈልጋል። በመጨረሻው ውድድር ከ30 የሚበልጡ ምድቦች አሉ፤ በእያንዳንዱ ምድብ መነሻው ላይ የሚሰለፉት 42 ናቸው።

ለአንድ ስፖርት ከ30 በላይ ምድብ ለምን አስፈለገ? ምክንያቱም ተወዳዳሪው ከመመዝገቡ በፊት ሦስት ጥያቄዎች ይጠየቃል።

አንደኛው ጥያቄ፦ ዕድሜህ ስንት ነው?

የመጀመሪያው መለያ ዕድሜ ነው። ትንንሾቹ ከ4 እስከ 8 ዓመት ያሉት ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ የ5 ዓመቱ ሕፃን ከ8 ዓመቱ ጋር እንዳይጋፋ ተለይተው የሚወዳደሩበት ምድብ አላቸው። ከዚያ በላይ ያሉት ልጆችም በሁለትና በሦስት ዓመት ልዩነት ይከፋፈላሉ። ልጁ በቁመቱ ትልቅ ስለመሰለ ወደ ላይ፣ ትንሽ ስለመሰለ ወደ ታች አይሄድም፤ የልደት ማስረጃው ይታያል።

የሚያስደንቀው ደግሞ ለጎልማሶችም መለየቱ ነው። 30 ዓመት የሞላቸው፣ 40 የሞላቸው፣ 50 የሞላቸው የየራሳቸው ምድብ አላቸው። በየሰፈራችን ያለውን የጤና ቡድን አስቡት። ቦርጭ ያወጣው አባት ከ18 ዓመት ጎረምሳ ጋር ኳስ ቢጋፋ ጉልበቱን ይዞ ይቀመጣል፤ ከእኩዮቹ ጋር ሲጫወት ግን ደስ ብሎት ቤቱ ይገባል። ሴቶችና ልጃገረዶችም የራሳቸው ምድብ አላቸው።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ሞተርህ ምን ያህል ነው?

ሁለተኛው መለያ የሞተሩ ጉልበት ነው፤ ይህም በሲሲ ይለካል። ሕፃናቱ በ50 ሲሲ ይጀምራሉ። ደንቡ እንደ ውድድሩ ጥቂት ቢለያይም ቀጥሎ 65፣ ቀጥሎ 85፣ በጉርምስና ጊዜ ደግሞ 125 ይመጣል። ትልልቆቹ 250 እና 450 ላይ ይደርሳሉ።

ሲሲ ብቻውን ግን አይበቃም። ቤንዚንና ዘይት ቀላቅሎ የሚያነደው ቱ ስትሮክ ሞተር በተመሳሳይ መጠን ከፎር ስትሮኩ ይበልጥ ጉልበት ያወጣል። ስለዚህ 125 ሲሲ ቱ ስትሮክ ከ250 ሲሲ ፎር ስትሮክ ጋር በአንድ ምድብ ይሰለፋል። 250ው ቱ ስትሮክ ደግሞ ከ450ው ፎር ስትሮክ ጋር ይወዳደራል።

እዚህ ላይ ስደርስ የጎረቤታችን ልጅ ትዝ አለኝ። ለሕፃናት ውድድር የሚሠራ 50 ሲሲ ሞተር ክብደቱ 40 ኪሎ ያህል ነው። የ85 ሲሲው እንኳ 70 ኪሎ ገደማ ነው። አባቱ የሚሠራበት ሞተር ግን 150 ሲሲ ሲሆን ከ100 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ የተሠራውም ለጭነትና ለአስፋልት ነው። ልጁ ራሱ 50 ኪሎ አይሞላም። ሞተሩ ሲያጋድል በምን ጉልበቱ ያቀናው?

ሦስተኛው ጥያቄ፦ ምን ያህል ለምደሃል?

ዕድሜና ሞተር እኩል ቢሆኑም ልምድ ይለያያል። ስለዚህ ጀማሪው፣ መካከለኛውና የበቃው ተለያይተው ይሰለፋሉ፤ አሜሪካኖቹ ጀማሪውን "ሲ"፣ መካከለኛውን "ቢ"፣ የበቃውን "ኤ" ይሉታል። ጀማሪ በውጤቱ እየተመዘነ ወደ ላይ ያድጋል። አንዴ ካደገ በኋላ ዋንጫ በቀላሉ ለማግኘት ሲል በገዛ ፈቃዱ ወደ ታች መውረድ አይችልም። እንዲህ የሚያደርግ አይጠፋምና አዘጋጆቹ የውጤት መዝገብ ይይዛሉ።

በአገር አቋራጩ ውድድር ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይለቀቁም። በየምድባቸው ረድፍ ይሠራሉ፤ ፈጣኖቹ ከፊት ይነሣሉ፣ ሌሎቹም በየተራ ይከተላሉ። በከተማችን በሚደረገው የግማሽ ማራቶን ውድድር ሯጮቹ ከፊት፣ ሕዝቡ ከኋላ እንደሚሰለፍ፣ ልጆችም የራሳቸው አጭር ሩጫ እንዳላቸው ማለት ነው። ሜዳው ላይ ቢቀላቀሉም እያንዳንዱ የሚቆጠርለት ከምድቡ ጋር ነው። የአዋቂዎቹ ሁለት ሰዓት ያህል ሲፈጅ የልጆቹ ያጥራል።

ባለ አራት ጎማዎቹስ?

ኳድ ሰፊና ከባድ ስለሆነ ከሞተር ብስክሌት ጋር አይቀላቀልም፤ የራሱ ሰዓትና የራሱ ምድቦች አሉት። አራት ጎማ ስላለው የማይገለበጥ ይመስላል፤ ነገር ግን ይገለበጣል፣ ሲገለበጥም ነጂውን ከሥሩ ያደርገዋል። ከኳድ በፊት የነበረው ባለ ሦስት ጎማ ብዙ ሰው በመጉዳቱ በ1988 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አምራቾቹ ከመንግሥት ጋር ተስማምተው አዲሱን መሸጥ አቆሙ። በዚያው ስምምነት ከ90 ሲሲ በላይ የሆነው ኳድ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ እንዳይሆን ተባለ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ደግሞ ከዚህ አልፎ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ምንም ዓይነት ኳድ እንዳይነዳ ይመክራል። ስለዚህ ምድብ መኖሩ አደጋን ያጠፋል ማለቴ አይደለም፤ በምድብ የሚወዳደሩትም ይሰበራሉ። ምድቡ የሚያስቀረው ልጅ ከአቅሙ በላይ ከሆነ ነገር ጋር የሚጋጭበትን ውድቀት ነው።

አሸናፊው እንዴት ይታወቃል?

በሃሪኬን ሚልስ አንድ ተወዳዳሪ በምድቡ ሦስት ጊዜ ይሮጣል። ያገኛቸው ደረጃዎች ይደመራሉ፤ ትንሹ ድምር ያሸንፋል። አንዱ ልጅ ሁለት ጊዜ አንደኛ ወጥቶ በሦስተኛው ቢወድቅና አምስተኛ ቢሆን ድምሩ 7 ነው። ሦስቱንም ሁለተኛ የወጣው ልጅ ድምሩ 6 ነውና ዋንጫው የእሱ ነው። ድምሩ እኩል ከሆነ በመጨረሻው ሩጫ የቀደመው ይበልጣል። አንድ ጊዜ ብቻ በኃይል መብረር አያዋጣም፤ እስከ መጨረሻው ሳይወድቁ መጨረስ ያስፈልጋል።

በሜዳው ዳር ባንዲራ የያዙ ሰዎች ይቆማሉ። ቢጫ ከታየ ፊት ለፊት የወደቀ ሰው አለ ማለት ነውና መቅደምም መዝለልም ክልክል ነው። ቀይ ከታየ ሁሉም ይቆማል። ነጩ አንድ ዙር መቅረቱን፣ ባለ ጥቁርና ነጭ ዳማው ማለቁን ይናገራል። ሄልሜት፣ የዓይን መከላከያና ረጅም ጫማ ያላደረገ መነሻው ጋ አይደርስም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ ወላጁ ወይም አሳዳጊው ካልፈረመ አይሰለፍም።

የጠፋው ፊርማ

አንድ እሑድ ማታ ባልና ሚስቱን ቡና ጠራኋቸው፤ ልጁም አብሮ መጣ። ያነበብሁትን ሁሉ ነገርኋቸው። ከዚያም ወደ ልጁ ዞር ብዬ "የኔ ልጅ፣ ያኔ መንገድ ላይ ዕድሜህን የጠየቀህ ነበር?" አልሁት።

"ማንም አልጠየቀኝም፤ እትዬ።"

"ሞተሩ ይችልህ እንደሆነስ? መንዳት ከጀመርህ ስንት ጊዜህ እንደሆነስ?"

አንገቱን ደፋ። "ስልክህ ላይ ያየሃቸው ልጆች ከአንተ ያንሳሉ፤ እውነትህን ነው። ነገር ግን ከእኩያቸው ጋር፣ በልካቸው ሞተር፣ በተዘጋ ሜዳ ነው የሚሮጡት። አንተ የተወዳደርኸውን ውድድር እነሱ ጋ የሚመዘግብ ሰው አታገኝም" አልሁት።

አባቱ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና "የኔም ፊርማ አልነበረበትም" አለ። ሚስቱ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ቀን በፊት አንዱ ሌላውን ሲከስስ እንጂ ራሱን ሲጠይቅ አልሰማሁም ነበር።

በዚያ ማታ ሞተሩን ለመሸጥ አልተስማሙም። የተስማሙት በትንንሽ ነገሮች ነው፤ እናንተም ብትመክሩባቸው ይጠቅማችኋል ብዬ ላካፍላችሁ።

ቁልፉ አንድ ቦታ ይቀመጣል፤ ቦታውንም ሁለቱም ያውቁታል። አባትየው ራሱ ለአጭር መንገድም ቢሆን ሄልሜት ያደርጋል፤ ልጅ የሚማረው ካየው ነውና። ልጁ መወዳደር ከፈለገ ክንዱ ሲጠና በብስክሌት፣ ከእኩዮቹ ጋር፣ መኪና በማይገባበት ሜዳ ይሆናል። ሐዋሳ ድሮም የብስክሌት ከተማ ናት። ሞተር መንዳት የሚማረው ደግሞ ዕድሜው ለመንጃ ፈቃድ ሲደርስ፣ በአሠልጣኝ ነው። የመጨረሻውና ከባዱ ደግሞ፣ ልጁ አንዱን ወላጅ አስፈቅዶ ሌላውን እንዳያልፍ መልሳቸውን አስቀድመው ሁለቱ ብቻቸውን ተነጋግረው ይወስናሉ።

አሁን ጀሶው ተፈትቷል። ልጁ አሁንም ስልኩ ላይ ውድድር ያያል፤ የ125 ሲሲውን ምድብ ተወዳዳሪዎች በስማቸው ያውቃቸዋል። በቀደም ለት ደጃቸው ላይ ቆሜ "አባዬ፣ እስከ ግቢው በር ብቻ ልንዳው?" ሲል ሰማሁት። አባቱ "ገና ነህ" አለው። ልጁ ወደ ጓዳ ገብቶ እናቱን ጠየቃት።

"አባትህ ምን አለህ?" አለችው።