መርከቧ ስትገዝፍ፣ ምሰሶው ባለበት

የኦሃዮዋን ቤክስሊን በስተምዕራብ ከኮሎምበስ የሚለያት አለም ክሪክ የተባለው ትንሽ ወንዝ ነው። በሜይን ስትሪትም ሆነ በብሮድ ስትሪት ድልድይ ስንሻገረው ከሥሩ መርከብ ያልፋል ብሎ የሚሰጋ የለም። መርከብ ድልድይ ጣለ ሲባል ነገሩ የሩቅ ወሬ የሚመስለን ለዚህ ነው። ይሁንና ከከተማዋ በስተደቡብ የሚያልፈው 70 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ምሥራቅ ዘልቆ የሚያልቀው ባልቲሞር ላይ ነው። እዚያ የሚገናኘው 695 ቁጥር ቀለበት መንገድ ወደቡን ይሻገርበት የነበረው ፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ ዛሬ የለም።

መጋቢት 17 ቀን 2016 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ማርች 26፣ 2024) ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። የሲንጋፖር ባንዲራ የያዘችው ዳሊ የተባለች የኮንቴይነር መርከብ ወደ ስሪላንካ ለመጓዝ ከባልቲሞር ወደብ ወጥታ፣ ድልድዩ ጋ ለመድረስ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀራት መብራቷ ድርግም አለ። ተመልሶ በራ፤ ወዲያው ደግሞ ጠፋ። ዋናው ሞተር ቆመ፣ መሪውም አልታዘዝ አለ። በሜሪላንድ ሕግ መሠረት መርከቧን የሚመሩት ሁለት የአካባቢው ፓይለቶች መልሕቅ እንዲጣል አዘዙ፤ በሬዲዮም ድልድዩ ይዘጋ ብለው አስጠነቀቁ። ፖሊሶች በአንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ውስጥ መኪኖችን ከሁለቱም ጫፍ አገዱ። ብዙ ሰው የተረፈው በዚህች ቅጽበት ነው።

ድልድዩ ላይ ግን የአስፋልት ጉድጓድ የሚደፍኑ የሌሊት ሠራተኞች ነበሩ። ስድስቱ ሞቱ። ከሜክሲኮ፣ ከጓቲማላ፣ ከሆንዱራስና ከኤል ሳልቫዶር እንጀራ ፍለጋ የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ በሌሊት ፈረቃ ለሚያድረው የእኛ ሰው ታሪካቸው እንግዳ አይሆንበትም። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በኋላ እንዳለው፣ ማስጠንቀቂያው ለፖሊስ ሲደርስ ለእነሱም ደርሷቸው ቢሆን ኖሮ ወደማይወድቀው የድልድዩ ክፍል ለመንዳት ጊዜ ሊኖራቸው ይችል ነበር። እኔን ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ይህ ነው። ፖሊሱን ለመጥራት የበቃ ሬዲዮ፣ ድልድዩ ላይ ለነበሩት ሠራተኞች አልደረሰም።

መብራቱ የጠፋበትን ምክንያት ቦርዱ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 ይፋ አደረገ። መርከቧ ላይ በሺዎች ከሚቆጠሩት የኤሌክትሪክ ገመዶች አንዷ፣ ጫፏ ላይ የተጠመጠመው የስም ምልክት ከልክሏት፣ ማያያዣዋ ውስጥ በደንብ አልገባችም ነበር። ላላች፤ ማብሪያ ማጥፊያው ተፈናጥሮ ኃይሉን ቆረጠ። ሁለተኛው መጥፋት ደግሞ ለጄኔሬተሮቹ ነዳጅ ይገፋ ከነበረው ፓምፕ ጋር የተያያዘ ነው፤ ፓምፑ ለዚያ ሥራ የታሰበ አልነበረም፣ ኃይል ሲመለስም በራሱ አይነሳም።

እንግዲህ ገመዷ መርከቧን አቆመች እንበል። ድልድዩን ምን ጣለው? ድልድዩ እ.ኤ.አ. በ1977 የተከፈተ፣ የብረት ዘንጎች በሦስት ማዕዘን ተሳስረው የተሠራ ነበር። በሁለቱ ዋና ምሰሶዎች መካከል ያለው ርቀት 366 ሜትር ነው፤ የባሕር ዳሩ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ከዳር እስከ ዳር 380 ሜትር መሆኑን ያየ ሰው ስፋቱን ይገምተዋል። ሦስቱ የመሀል ክፍሎች እንደ አንድ አካል የተያያዙ ስለነበሩ አንዱ ምሰሶ ሲሄድ ሸክሙን የሚረከብ ሌላ አልነበረም። ሁሉም በሰከንዶች ውስጥ ተከታትለው ውኃ ገቡ። ምሰሶውን የመታው ብረት 300 ሜትር ርዝመት ያለውና ከነጭነቱ ከመቶ ሺህ ቶን በላይ የሚመዝን ነው። ፍጥነቱ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር፤ እንዲህ ያለ ክብደት ግን ፍጥነት አያስፈልገውም።

ይኸው ድልድይ ቀድሞም ተመትቶ ያውቃል። በ1980 ብሉ ናጎያ የተባለች መርከብ ከቁጥጥር ወጥታ ምሰሶውን ገጭታው ቀላል ጉዳት ብቻ ደርሶ አለፈ። ዳሊ የእሷን አሥር እጥፍ ያህል ትገዝፋለች። ወደቡ በእነዚህ ዓመታት ጥልቀቱን ጨመረ፣ ክሬኖቹን አሳደገ፤ ምሰሶው ባለበት ቀረ።

ምሰሶን ከመርከብ የሚጠብቀው ነገር መሐንዲሶች ዶልፊን ይሉታል። የብረት ሳንቃዎች በክብ ተደርድረው ወደ ባሕሩ ወለል ይመታሉ፣ ውስጡ በአሸዋ፣ በድንጋይ ወይም በኮንክሪት ይሞላል፣ አናቱ ይከደናል። ሥራው መመታት ነው፤ የመርከቧን ጉልበት እየፈረሰም ቢሆን ይበላል። ኪ ድልድይ አራት ነበሩት፣ እያንዳንዳቸው 7 ሜትር ተኩል ገደማ ስፋት ያላቸው። ዳሊ ሳትነካቸው አልፋ ምሰሶውን አገኘችው። ከዚያ ወደ ሰሜን ባለው የደላዌር ሜሞሪያል ድልድይ ግን ከአደጋው አስቀድሞ በ2023 ስምንት ግዙፍ ዶልፊኖች መሠራት ተጀምረው ነበር፤ የእያንዳንዱ ስፋት 24 ሜትር ነው።

ይህ ልዩነት ከየት መጣ? በአሜሪካ የድልድይ ደንብ የሚጻፈው ድልድይ ከወደቀ በኋላ ነው፤ የሚመልሰውም ላለፈው ጥያቄ ነው። የኦሃዮ ሰው ይህን ያውቀዋል። ከኮሎምበስ በደቡብ ምሥራቅ፣ ኦሃዮን ከዌስት ቨርጂኒያ ያገናኝ የነበረው ሲልቨር ድልድይ በዲሴምበር 1967 በአንዲት የብረት ዘንግ ላይ በነበረ ትንሽ ስንጥቅ ወድቆ 46 ሰዎች ሞቱ፤ ድልድዮች በየጊዜው ይመርመሩ የሚለው አገር አቀፍ ደንብ ከዚያ ተወለደ። መርማሪው ግን የሚፈልገው ዝገትና ስንጥቅ ነው። በ1980 ሰሚት ቬንቸር የተባለች መርከብ ፍሎሪዳ ውስጥ የሰንሻይን ስካይዌይን ድልድይ ጥላ 35 ሰዎች ሲሞቱ ሌላ ትምህርት መጣ፤ በ1991 የመርከብ ግጭትን አደጋ የማስላት መመሪያ ወጣ። እሱም አስገዳጅ የሆነው በአዲስ ድልድዮች ላይ ነው። የ1977ቱ ኪ ድልድይ በሁለቱ ደንቦች መካከል ወደቀ።

ቦርዱ በ2025 ስሌቱን ሠርቶ ሲያየው፣ የኪ ድልድይ የመውደቅ ዕድል መመሪያው ከሚፈቅደው ሠላሳ እጥፍ የሚጠጋ ሆኖ አገኘው። ቁጥሩን ለማግኘት መርከብ መጋጨት አያስፈልግም ነበር፤ ወረቀትና የወደቡ መዝገብ ይበቃ ነበር። ቦርዱ ስሌቱ ያልተሠራላቸውን ሌሎች 68 ድልድዮች ዘርዝሮ ለባለቤቶቻቸው አስሉ አላቸው።

ባልቲሞር ላይ የሚተካው ድልድይ በገመድ የሚንጠለጠል ሲሆን፣ በዋና ምሰሶዎቹ መካከል ያለው ርቀት ወደ 490 ሜትር ይሰፋል፤ ምሰሶዎቹ ከመርከብ መንገድ ይርቃሉ። ሜሪላንድ ወጪውን ከ4.3 እስከ 5.2 ቢሊዮን ዶላር ገምታለች፤ መክፈቻው በ2030 መጨረሻ ይጠበቃል። የደላዌሮቹ ስምንት ዶልፊኖች ወጪ መቶ ሚሊዮን ዶላር እንኳ አልሞላም።