በጉዞ የባከነን ጊዜ በፍጥነት ማካካስ ይቻላልን?

አንድ አሽከርካሪ ከአምስተርዳም በዘ ሄግ በኩል ወደ ሮተርዳም በሚወስደው የኤ4 አውራ ጎዳና በመኪና መጨናነቅ ሳቢያ በሰዓት በአማካይ 50 ኪሎ ሜትር ብቻ ተጓዘ እንበል። በዚያው መንገድ ሲመለስ ፈጥኖ የደርሶ መልሱን አማካይ ፍጥነት 100 ማድረስ ይችላልን?

የመመለሻው ፍጥነት «ፍ»፣ የደርሶ መልሱ አማካይ «አ» ቢባሉ፣ አ = 100ፍ ÷ (50 + ፍ) ይሆናል። ይህ ራሽናል ፋንክሽን ነው። ዶሜይኑ፣ ማለትም በ«ፍ» ቦታ ሊገቡ የሚችሉት ቁጥሮች፣ ታህቱን ዜሮ የሚያደርገውን −50ን አይጨምርም። በመንገድ ላይ ደግሞ ፍጥነት ከዜሮ መብለጥ አለበት።

ሬንጁን፣ ማለትም ሊገኙ የሚችሉትን ውጤቶች፣ ለማወቅ ቀመሩ ለ«ፍ» ይፈታል፦ ፍ = 50አ ÷ (100 − አ)። «አ» 100 ሲሆን ታህቱ ዜሮ ስለሚሆን መልስ የለም። ፍጥነቱ የቱንም ያህል ቢጨምር አማካዩ ከ100 በታች ይቀራል፤ በ100 ፍጥነት ለደርሶ መልስ የሚበቃው ጊዜ በመሄጃው ብቻ አልቋልና።

በአብዛኞቹ የኔዘርላንድስ አውራ ጎዳናዎች እ.ጎ.አ. ከ2020 ወዲህ ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት የሚፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት 100 ነው። ሕጉ ዶሜይኑን ሲገድብ ሬንጁም ይጠባል፤ አሽከርካሪው ሊደርስበት የሚችለው ከፍተኛ አማካይ 67 ገደማ ብቻ ነው።